በ37 ዓመት ብሮንክ ግልቢያ መጀመር፦ የአንድ ዓመት ማስታወሻ

እንጅባራ አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ በመሆኔ ፈረስ ለእኔ እንግዳ እንስሳ አይደለም። ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ አያቴ ባጌጠው ፈረሳቸው ሲጋልቡ እያየሁ አድጌአለሁ፤ እኔም በልጅነቴ በባዶ እግሬ፣ እርካቡን በአውራ ጣቴ ይዤ ጋልቤአለሁ። ዛሬ የምኖረው በኮሎራዶ ግዛት አውሮራ ከተማ ሲሆን፣ ባለፈው ዓመት ሮዲዮ በሚባሉት የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች (ካውቦይ) የፈረስና የከብት ውድድሮች ላይ የሚታየውን ብሮንክ ግልቢያ፣ ማለትም ጋላቢውን አሽቀንጥሮ ለመጣል በሚዘልና በሚራገጥ ፈረስ ላይ ለ8 ሰከንድ የመቆየትን ጥበብ መማር ጀመርኩ። እናቴ በስልክ ስነግራት «እዚያ አገር ፈረስ የሚገራ ሰው ጠፋ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ለጥያቄዋ እስከ አሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁላትም።

የመጀመሪያው ችግር አስተማሪ ማግኘት ነበር። በአቅራቢያዬ ወደሚገኙ ሦስት የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤቶች ደውዬ፣ ሦስቱም ይህን ዓይነት ሥልጠና መድን ሰጪዎቻቸው እንደማይፈቅዱላቸው ነገሩኝ። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ እነዚህ ቦታዎች የሚያስተምሩት ፈረሱ እንዳይዘል ማድረግን ነውና። ቀጥሎ ያሰብኩት ኮሌጆችን ነበር። በምዕራብ አሜሪካ በርካታ ኮሌጆች የሮዲዮ ቡድን ቢኖራቸውም፣ በቡድኑ ለመታቀፍ በኮሌጁ ተመዝግቦ መማር ያስፈልጋል፤ ሌሊት በመጋዘን ለሚሠራ የሁለት ልጆች አባት ይህ የሚታሰብ አይደለም።

መንገዱን ያሳየኝ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሮዲዮ ላይ ከፈረስ ማስነሻው፣ ማለትም ጋላቢው ፈረሱ ላይ ከሚወጣበት ጠባብ በረት ጀርባ ቆሞ የእጁን አንጓ በፕላስተር ይጠቀልል የነበረ አንድ ወጣት ተወዳዳሪ ነው። ለጎልማሳ ጀማሪ የሚሆነው የቀድሞ ጋላቢዎች ቅዳሜና እሑድን ይዘው የሚሰጡት የሦስት ቀን ሥልጠና እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላም የውድድር ፈረስ የሚያረቡ ሰዎች በሚከፍቱት የልምምድ በረት መቀጠል እንደሚቻል ነገረኝ። ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ሦስት ነገር እንድጠይቅም መከረኝ፦ ለጀማሪ የሚሆኑ ረጋ ያሉ ፈረሶች መኖራቸውን፣ ጋላቢውን ከሚዘለው ፈረስ ላይ የሚያነሡ ሁለት ፈረሰኞች በሜዳው ላይ መቆማቸውን፣ እንዲሁም ፈረስ ከመውጣት በፊት ስንት ሰዓት በመሬት ላይ ልምምድ እንደሚደረግ። የመጀመሪያው የደወልኩለት አሠልጣኝ «የጥርስ መከላከያህን ይዘህ ና» ከማለት በስተቀር ለሦስቱም መልስ ስላልነበረው ተውኩት።

ዕድሜዬን ሲሰሙ ፈገግ ያሉም ነበሩ። ኔዝ ፐርስ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የተወለደው ጃክሰን ሰንዳውን እ.ኤ.አ. በ1916 በኦሪገን ግዛት ፔንድልተን ራውንድ አፕ የተባለውን ሮዲዮ በብሮንክ ግልቢያ ሲያሸንፍ 53 ዓመቱ ነበር፤ ሌላው ብሮንክ ጋላቢ ቢሊ ኤትባወርም በ2004 አምስተኛውን የዓለም ሻምፒዮንነት ሲያገኝ 41 ዓመት ሞልቶት ነበር። ሁለቱም ግን ለሙያው አዲስ ስላልነበሩ፣ ይህን እንደ ግማሽ ማጽናኛ ብቻ ነው የወሰድኩት።

ግልቢያው ሁለት ዓይነት ነው፦ ያለ ኮርቻና በኮርቻ። ያለ ኮርቻ የሚጋልበው ሰው በፈረሱ ትከሻ ላይ የታሰረ የቆዳ እጀታ በአንድ እጁ ጨምድዶ ስለሚይዝ፣ የፈረሱ ኃይል በሙሉ ክንዱንና አንገቱን ይፈትነዋል። እኔ በኮርቻ የሚደረገውን መረጥሁ። በዚህኛው ከፈረሱ ልባብ ጋር የተያያዘ አንድ ወፍራም ጉንጉን ዛብ ብቻ ይያዛል፤ በፈረሱ አፍ ውስጥ ልጓም የለም፣ ነጻ የሆነው እጅም ፈረሱንም ሆነ ራስን መንካት አይፈቀድለትም።

በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ፈረስ የሚባል አልነካንም። በርሜል ላይ በተጫነ ኮርቻ ተቀምጠን፣ አሠልጣኙ ዛቡን ከፊት እየጎተተ የእግራችንን ምት ይቆጥርልን ነበር። ጣቶች ወደ ውጭ ዞረው እግሮች ከፈረሱ ትከሻ ይነሡና ወደ ኮርቻው የኋላ መደገፊያ ይሳባሉ፤ የፈረሱ የፊት እግሮች መሬት ከመንካታቸው ከቅጽበት በፊት ደግሞ ወደ ትከሻው መመለስ አለባቸው። ፈረሱ ከማስነሻው ወጥቶ በመጀመሪያው ዝላይ ሲያርፍ ሁለቱም ተረከዞች ከትከሻው በላይ ካልተገኙ፣ ጋላቢው ስምንቱን ሰከንድ ቢጨርስም ነጥብ አያገኝም። ዳኞቹ ከመቶ ከሚሰጡት ነጥብ ግማሹ ለጋላቢው፣ ግማሹ ለፈረሱ መሆኑን ስሰማ ደግሞ በጣም ደስ አለኝ፤ በእኛም ዘንድ ፈረሱ ከጌታው ጋር ይወደሳልና።

እዚህ ላይ ነው የልጅነት ልምዴ ጠላቴ ሆኖ የተገኘው። ፈረስ ሲደነብር ጭን ማጥበቅና ዛብ ማሳጠር በደሜ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ በብሮንክ ላይ ግን ጭኑን ያጠበቀ ሰው እግሩን ማንቀሳቀስ ስለማይችል በሁለተኛው ዝላይ ይወርዳል። እኔም በሁለተኛው ቀን በመጀመሪያው ፈረስ ላይ በትክክል በሁለተኛው ዝላይ ወረድኩ። ከእኔ ጋር ይሠለጥን የነበረና ከዚያ በፊት ፈረስ ነክቶ የማያውቅ የቧንቧ ሠራተኛ ግን ከእኔ ይልቅ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ወደ አራት ሰከንድ ገደማ ደረስኩ።

አንድ የተሳሳተ ግምቴንም ላርም። ፈረሶቹ ያልተገሩ የዱር እንስሳት ይመስሉኝ ነበር፤ ነገር ግን ለዚሁ ዝላይ ተመርጠው የሚረቡ ናቸው፣ ብዙዎቹም ባዝራዎች ናቸው። ከወገባቸው ኋላ የሚታሰረው ቀበቶ በበግ ፀጉር የተሸፈነ ሲሆን፣ የኋላ እግራቸውን ከፍ አድርገው እንዲራገጡ ይገፋፋቸዋል እንጂ ብልታቸውን አያስርም። ቀበቶው ሲፈታላቸው ወደ በረታቸው እንደ ማንኛውም ፈረስ ሲሄዱ አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ጊዜ ወደ ልምምድ በረት እየሄድኩ በጠቅላላው አሥራ አንድ ፈረሶች ላይ ወጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ትከሻዬ ተጎድቶ ለሦስት ሳምንት አርፌአለሁ፤ የጤና መድኔ እንዲህ ያለውን ጉዳት መሸፈኑን አስቀድሜ በጽሑፍ ማረጋገጤ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ነው። ረጅሙ ቆይታዬ ስድስት ሰከንድ ነው፤ ስምንትን ገና አላየሁትም።

አሁን የምታገለው ከዛቡ ርዝመት ጋር ነው። ዛቡ የሚለካው ከኮርቻው የፊት ከፍታ ጀምሮ በጭብጥና በተዘረጋ አውራ ጣት ነው። ራሱን ዝቅ አድርጎ ለሚዘል ፈረስ ረዘም ይደረጋል፣ ራሱን ቀና ለሚያደርግ ደግሞ ያጥራል። ባለፈው ወር የወጣሁባት ግራጫ ባዝራ አፍንጫዋን እስከ መሬት የምታወርድ መሆኗን ባለቤቷ ነግሮኝ ሳለ፣ በልማዴ ዛቡን አሳጥሬ ስለያዝኩ በጋማዋ ላይ አሳልፋ ወደ ፊት ጣለችኝ። በሚመጣው ቅዳሜ እንደገና እሷኑ ስለምወጣ፣ ሁለት ጣት ጨምሬ እይዛለሁ።