አጥንት ላይ የታሰረ እግር

አጥንት ላይ ስለሚታሰር ሰው ሠራሽ እግር ሲወራ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ መራመድ ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ መቀመጡ ነው። ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው የሚያጠልቀው ሶኬት፣ ማለትም የተለመደው ሰው ሠራሽ እግር ጉቶውን (ከተቆረጠው እግር የቀረውን) የሚይዝበት ማቀፊያ፣ ጠርዙ ብሽሽት ድረስ ይደርሳል፤ ወንበር ላይ ይቆረቁራል፣ ሽንት ቤት ያስቸግራል፣ በላብ ይንሸራተታል። ጉቶው በቀን ውስጥ መጠኑ ስለሚለዋወጥ ጠዋት ልክ የነበረው ከሰዓት ይላላል። አጥንት ላይ የታሰረው ይህ ጣጣ የለበትም፤ እግሩን ከአጥንቱ ከሚወጣው ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ማያያዣ አጥብቆ መነሳት ነው።

መነሻው ስዊድን ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ቲታኒየም የተባለው ብረት ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ያስተዋሉት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ መጀመሪያ ለጥርስ አገለገለ፣ ለተቆረጠ እግር የዋለው ደግሞ በ1990 ጎተንበርግ ውስጥ ነው። በዚያ ዘዴ ቀዶ ጥገናው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ጥርስ ያለው የቲታኒየም ብሎን መቅኔው ውስጥ ይገባና ቆዳው ይዘጋል። ወደ 6 ወር ገደማ ይጠበቃል። በሁለተኛው ቆዳውን አልፎ የሚወጣው ዘንግ ይገጠማል።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። አጭር የመለማመጃ እግር ይታሰርና የቤት ሚዛን ላይ ይደገፉበታል፦ 20 ኪሎ፣ በየሳምንቱ 10 እየጨመሩ። ሕመሙ ከበረታ ክብደቱ ይቀነሳል። ሲመቻቸው ዘለው 50 ላይ የሚወጡ አሉ፤ አጥንቱ ገና አልያዘም፣ ብሎኑ ሊላላ ይችላል።

ዋጋው ዘንጉ የሚወጣበት ቀዳዳ ነው፤ መቼም አይዘጋም። በውኃና በለስላሳ ሳሙና በየቀኑ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ጥቂት ፈሳሽ የተለመደ ነው። መቅላት፣ ሙቀትና መግል ግን ኢንፌክሽን ናቸው። ቆዳው ብረቱ ላይ ሲንሸራተት ይቆስላል፤ ሐኪሞቹ ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ ቀንሰው ቆዳውን ከአጥንቱ ጫፍ ጋር የሚያጣብቁት ለዚህ ነው። በ51 ሰዎች ላይ በተደረገው የጎተንበርግ ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ 92 በመቶው ተከላ (አጥንት ውስጥ የገባው ብሎን) በቦታው ነበር፤ ቆዳ ላይ የሚቀር ኢንፌክሽን ግን 28 ሰዎችን አግኝቷቸዋል። አብዛኛው በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል፤ አጥንት ውስጥ ከገባ ግን ተከላውን ሊያስወጣ ይችላል።

መሮጥና መዝለል አይመከርም። ሰው ሲወድቅ የሚጣመመው የውጪው ዘንግ ነው፤ እሱ ይለወጣል። ሲራመዱ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከመጣ መጀመሪያ የሚታየው ማያያዣው ነው፤ ልል ሆኖ ሲኬድበት ዘንጉን ይበላዋል።