ጥቁር ነጥብ አይቼ የጨፈርኩበት ቀን፦ ሳልሞኔላ ፍለጋ በዶሮ ቤት

ማስተርሴን ስሰራ ርዕሴ በእንቁላል ጣይ ዶሮዎች ላይ የሚገኝ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ነበር፣ ቦታው ቢሾፍቱ። ቢሾፍቱን የሚያውቅ ያውቃል፣ ዶሮ እርባታ በየሰፈሩ ነው፣ ስለዚህ ሳምፕል እንደሆነ አላጣም ብዬ ፕሮፖዛሉ ላይ ለላብራቶሪ (ላብ) ስራው ሁለት ወር ጻፍኩ። ሁለት ወር ሚዲያ (ባክቴሪያ የሚያድግበትን ምግብ) መስራት ለመልመድ ራሱ አልበቃኝም።

ርዕሴን ለሰው ስናገር ደግሞ ሁሉም "እ ታይፎይድ ነው?" ይለኛል፣ እናቴ ራሷ። እኛ ሀገር ትንሽ ያተኮሰው ሁሉ ደም ሰጥቶ ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ተብሎ ነው የሚመለሰው አይደል። ታይፎይድ የሚያመጣው ታይፊ የሚባለው የሳልሞኔላ አይነት ነው፣ እሱ ደግሞ የሰው ብቻ ነው፣ ከዶሮም ከላምም አይመጣም። የሳልሞኔላ አይነት ግን ከ2500 በላይ ነው፣ እኔ ስፈልግ የነበረው እነ ኢንተራይቲዲስን እነ ታይፊሙሪየምን ነው፣ እንስሳ ውስጥ ኖረው በምግብ በኩል ወደ ሰው የሚመጡትንና ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ቁርጠት የሚያስይዙትን። (በነገራችን ላይ ስሙ ዳንኤል ሳልሞን ከሚባል አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ነው የመጣው፣ በ1885 ከአሳማ ያገኘው ግን ረዳቱ ቴዎባልድ ስሚዝ ነው። ልፋቱ የረዳት ስሙ የአለቃ፣ እኛ ጋ ብቻ አይደለም ማለት ነው።)

ሳምፕሉን የወሰድኩት ቦቲዬ ላይ ቁስል ከሚታሰርበት ስስ ጨርቅ (ጋዝ) የተሰራ እርጥብ ካልሲ አጥልቄ ጉዝጓዙ ላይ ከዳር እስከ ዳር በመራመድ ነው፣ ከዛ ካልሲውን ገልብጦ ፌስታል ውስጥ፣ በረዶ ሳጥን ውስጥ፣ ወደ ላብ። አንዷን ዶሮ ይዞ ከኋላዋ በስዋብ (ጫፉ ላይ ጥጥ ባለው እንጨት) መውሰድም ይቻላል፣ ግን ዶሮዋ ባክቴሪያውን ይዛም በየቀኑ ላታወጣው ትችላለች፣ ዛሬ ኔጌቲቭ ሆነች ማለት ነፃ ናት ማለት አይደለም።

አንደኛዋ ባለቤት፣ እትዬ ነበር የምላቸው፣ በሩ ላይ አስቁመው "ልጄ፣ ይሄ ነገር ከተገኘብኝ ልታዘጋብኝ ነው?" አሉኝ። ኧረ እትዬ ለጥናት ነው፣ ስምዎም አይጻፍም አልኳቸው። "ዶሮዎቼ እኮ አንድም አልታመመች፣ እንቁላሉም አልቀነሰ።" እውነታቸውን ነው፣ ችግሩም እሱ ነው፣ ኢንተራይቲዲስ የያዛት ዶሮ ደህና ትመስላለች፣ ባክቴሪያው ደግሞ ገና ቅርፊቱ ሳይሰራ ከእንቁልጢዋ ጀምሮ እንቁላሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ስለዚህ ቅርፊቱን ብታጥቡት ብትፈትጉት ውስጡ ያለው አይወጣም፣ አስኳሉ እስኪጠነክር ማብሰል ነው ያለው።

ላብ ስትገቡ ነገሩ የትዕግስት ነው። ኩስ ከሆነ 25 ግራም በ225 ሚሊ ሊትር ፔፕቶን ውሃ፣ 37 ዲግሪ ላይ አንድ ሌሊት፣ ይሄ የደከመው ባክቴሪያ እንዲያገግም ነው። ከዛ ራፓፖርት የሚባለው ሾርባ ውስጥ 41.5 ዲግሪ ላይ አንድ ቀን፣ ሌላው እንዲታፈንና ሳልሞኔላው እንዲበዛ። ከዛ ኤክስኤልዲ የሚባል ሚዲያ በረጋበት ፕሌት (ትንሽ ጠፍጣፋ ሳህን) ላይ ተሰምሮ ሌላ ሌሊት። እዚህ መሃል መብራት ከሄደ አለቀ። አንዴ አመሻሽ ላይ ሄዶ በነጋታው ከሰአት መጣ፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም፣ የሳምንቱን ሳምፕል በሙሉ አውቶክሌቭ አድርጌ (በታፈነ እንፋሎት ጀርሙን ገድዬ) ደፋሁት። ከዛ በኋላ በየቀኑ የኢንኩቤተሩን (ባክቴሪያው የሚያድግበትን ማሞቂያ ሳጥን) ሙቀት ጠዋትና ማታ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ፣ ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን።

ኤክስኤልዲን በተመለከተ ደግሞ አፍሬ ነው የምነግራችሁ። ሌላውን ሚዲያ ሁሉ አውቶክሌቭ ስለማደርግ እሱንም 121 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ ከተትኩት። ስከፍተው ቀለሙ ተበላሽቶ ዝቃጭ ሰርቷል። የላቡ ቴክኒሻን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ምንም ሳይናገሩ ብልቃጡን አምጥተው ጽሑፉ ላይ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፦ እስኪፈላ ብቻ ይሞቃል፣ አውቶክሌቭ አይደረግም። እሱ ብልቃጥ እኮ ስንት ለምነን ያመጣነው ነው።

ከዛ ትልቁ ቀን መጣ። ጠዋት ኢንኩቤተሩን ስከፍት ፕሌቱ ሁሉ ዙሪያው ቀይ መሃሉ ጥቁር ኮሎኒ (በአይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር)፣ ልክ መጽሐፉ ላይ እንዳለው። ጨፈርኩ ስላችሁ የምሬን ነው። አማካሪዬጋ ደውዬ "ዶክተር፣ ሞልቷል!" ስላቸው "ዩሪያ አድርገሃል?" አሉኝ፣ ባክቴሪያው ዩሪያን ይሰብር እንደሆነ የሚታይበትን ፈተና ማለታቸው ነው። ዝም። "እሱን አድርግና ደውል።"

በነጋታው ከግማሽ በላዩ የዩሪያ ቱቦ ቁልጭ ያለ ሮዝ ሆኖ ጠበቀኝ። ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። ጥቁሩ ነጥብ የሚመጣው ከሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ያንን ፕሮቲየስም ያወጣል፣ ሲትሮባክተርም ያወጣል፣ ዩሪያን ሰብሮ ሮዝ የሚያደርገው ግን ሳልሞኔላ አይደለም። ከቀሩት ደግሞ ላይሲን በሚባለው ሌላ ፈተና ላይ ጥቂቱ ወደቀ፣ መጨረሻ ላይ በፒሲአር (በዘረመል ምርመራ) የተረጋገጠልኝ በጣት የሚቆጠር ነው። አስቡት፣ ያን ቀን በጥቁር ነጥብ ብቻ ቆጥሬ ብጽፍ ኖሮ የቢሾፍቱ ዶሮ ሁሉ ሳልሞኔላ አለበት ብዬ ነበር። አሁን ለሚጀምር ሰው የምለው፣ የታወቀ ሳልሞኔላ ለማነጻጸሪያ በየዙሩ አብራችሁ አብቅሉ፣ ዩሪያ ርካሽ ነው ከሁሉ በፊት እሱን አድርጉ፣ ከአንድ ፕሌትም አንድ ኮሎኒ ብቻ አንስታችሁ አትተማመኑ።

የመድኃኒት ምርመራው ላይ አንድ ያስደነገጠኝ ነገር አለ፣ ቴትራሳይክሊን ዲስኩ (መድኃኒቱ ያለበት ትንሽ ክብ ወረቀት) ዙሪያ ባዶ ክብ መታየት ሲገባው አንዳንዱ ባክቴሪያ ዲስኩ ጠርዝ ድረስ በቅሏል። ዶሮ ባስነጠሰች ቁጥር ኦክሲቴትራሳይክሊን ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ በየቤቱ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ሳስበው ብዙም ሊገርመኝ አይገባም ነበር።

ውጤቱን ይዤ እትዬጋ ተመለስኩ፣ ከሳቸው ቤት አንዱ ካልሲ ፖዘቲቭ ነበር። አይጡን፣ ጉዝጓዙን፣ ለየቤቱ የተለየ ጫማ መያዙን ሁሉ ተናገርኩ፣ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከወር በኋላ ለሌላ ሳምፕል ስሄድ በሩ ላይ ሁለት ጥንድ አዲስ ቦቲና መድኃኒት ያለበት ሳፋ ተቀምጧል። ልገባ ስል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ፣ "ያን ቦቲህን እዛው አውልቀው ልጄ፣ ስንት ሰው ዶሮ ቤት ዞረህበት እንደመጣህ አላውቅም።" እኔ ደግሞ ያን ቦቲ ወሩን ሙሉ ከቤት ቤት ይዤው ስዞር ነው የከረምኩት።