ኢምቦኮዶ መጅ ነው

ዛሬ ኦገስት 9 ነው፤ እዚህ ደቡብ አፍሪካ የሴቶች ቀን። እኛ ሐበሾች የምንነግድበት የጆሃንስበርግ መንገድ፣ ጂፒ ላይ፣ ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው። እኔም እስከ ምሳ ሰዓት ሠርቼ ዘጋሁና ቤት ገባሁ። ቡናዬን አፍልቼ ብቀመጥም ባለፈው ሐሙስ ጎጎ የምላቸው አሮጊት ደንበኛዬ የነገሩኝ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ፤ ይኸው ደብተሬን አወጣሁ።

ጆሃንስበርግ ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። ከሀገር ቤት ደውለው "የት ነሽ?" ሲሉኝ "ጂፒ ነኝ" እላለሁ። ሐበሻው ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። የመንገዱ ታፔላ ግን ራሂማ ሙሳ ነው የሚለው። ይህን ሁሉ ዓመት ዕቃ ተሸክሜ በሥሩ ሳልፍ አንድም ቀን "ማናት?" ብዬ አልጠየቅኩም። ከጎናችን ያለው፣ ድሮ ብሪ ይባል የነበረው መንገድ ሊሊያን ንጎዪ ተብሏል። ወረድ ሲባል ደግሞ ፕሬዚደንት ይባል የነበረው መንገድ ሄለን ጆሴፍ ሆኗል። ማንዴላ በፈረንጆቹ 1962 እኛ ዘንድ መጥቶ ኮልፌ መሠልጠኑን ማንኛችንም በኩራት እናወራለን። ሱቃችንን በስማቸው መሀል ስለደረደርንባቸው ሴቶች ግን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው። ከሶዌቶ እየመጡ መጋረጃና ብርድ ልብስ በጅምላ የሚወስዱ የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው፤ 70 ዓመት አልፏቸዋል። ሐሙስ ዕለት ብርዱ ከባድ ስለነበር ሻይ ቀድቼላቸው ቁጭ እንዳልን ሁለት ፖሊሶች ገብተው ወረቀት ጠየቁኝ። እንደ ሁልጊዜው ከጡት መያዣዬ ሥር፣ በላስቲክ የጠቀለልኩትን የጥገኝነት ወረቀቴን አውጥቼ አሳየሁ። አይተው ሄዱ። ጎጎ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ወረቀቱን ተቀብለው እጥፋቱ ላይ የተሰነጠቀውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበሱትና "እናቴም እዚሁ ቦታ ነበር የምትይዘው፣ ምንታናሚ" አሉኝ። ምንታናሚ ልጄ ማለት ነው።

የእናታቸው ዶምፓስ ነበር፤ በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች እንዲይዙ የሚገደዱት የማለፊያ ደብተር። ጥቁር ሰው በገዛ አገሩ ከተማ ውስጥ ያለ ፈቃድ ከ72 ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም ነበር። ፎቶውና የአሠሪው ፊርማ ያለበትን ደብተር ይዞ መዞር ነበረበት፤ ሳይዝ ከተገኘ እስር ቤት ነው። መጀመሪያ ግዴታው የወንዶች ነበር። በ1950ዎቹ መንግሥት ፊቱን ወደ ሴቶች አዞረ። በ1956 ዊንበርግ የምትባል ከተማ ያሉ ሴቶች የተሰጣቸውን ደብተር ሰብስበው አቃጠሉት፤ ታሰሩ።

የዚያው ዓመት ኦገስት 9 ሐሙስ ቀን ነበር። በነጮች ቤት የሚሠሩ ሴቶች የዕረፍት ቀናቸው ሐሙስ ነበር። የጎጎ እናት ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ ልጃቸውን አዝለው በባቡር ፕሪቶሪያ ሄዱ። "አላስታውስም፤ ግን ጀርባዋ ላይ ነበርኩ" አሉኝ ጎጎ። በሰልፍ መሄድ ስለተከለከለ ሴቶቹ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው፣ የመንግሥት ቢሮዎች ወዳሉበት ዩኒየን ቢልዲንግስ ኮረብታውን ወጡ። 20,000 ያህል ሆኑ።

ከፊት አራት ነበሩ። ሕጉ ሰውን በአራት ዘር ከፋፍሎ መዝግቦ ነበርና ከየመዝገቡ አንዳንድ ሴት ወጣች ማለት ይቻላል። ንጎዪ ጥቁር ናት፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ። ጆሴፍ እንግሊዝ አገር የተወለደች ነጭ። ራሂማ ሙሳ ዘሯ ከህንድ ነው፤ ያን ቀን ነፍሰ ጡር ነበረች። ሶፊያ ዊሊያምስ "ከለርድ" የሚባሉት፣ ዘራቸው የተቀላቀለ ወገን፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ። ሴቶቹ የፈረሙበትን ወረቀት ክምር ተሸክመው የጠቅላይ ሚኒስትሩን የስትሬይዶምን ቢሮ አንኳኩ። ሰውየው የለም። ወረቀቱን እዚያው ትተውለት ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ሴት 30 ደቂቃ ቃል ሳይተነፍስ ቆመ። "ያኔ እናቴ ከፖሊሱ ይልቅ የፈራችው እኔን ነው፤ ታለቅስብኛለች ብላ" አሉኝ ጎጎ።

ዝምታው ሲያበቃ የተዘመረውን እዚህ አገር የማያውቀው የለም፤ "ዋቲንት አባፋዚ፣ ዋቲንት ኢምቦኮዶ።" ሴትን ስትነካ ኢምቦኮዶ ነካህ ማለት ነው። ቲሸርት ላይ በእንግሊዝኛ ሲጽፉት አለት ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው ነበር የማውቀው። ጎጎ ግን አይደለም አሉኝ። ከወንበራቸው ተነሡና ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው ሁለት እጃቸውን ጨብጠው ወደፊት ገፉ፣ ሳቡ፣ ገፉ። በአማርኛ "መጅ!" ብዬ ጮህኩ። አያቴ ጤፍ የምትፈጭበት መጅ! በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ከግፊቱ ብዛት አንድ ጎኑ ያለቀ፣ ከሥሩ ያለውን ወፍጮ ቀስ በቀስ እያጎደጎደ የሚሄድ ድንጋይ። አለት ቆሞ ነው የሚውለው። መጅ ሴት እጅ ውስጥ ነው፤ ሥራ ላይ ነው። እነዚያ እንጀራቸው በእጃቸው የሆነ ሴቶች የመረጡት ቃል ይህ መሆኑን ሳስበው ዛሬም ይነዝረኛል።

ሕጉ በዚያ ቀን አልወደቀም። በ1963 ደብተሩ ለሴቶችም ግዴታ ሆነ፤ የጎጎ እናትም ወሰዱ፣ ምን ያድርጉ። የተሻረው በ1986 ነው፤ ሰልፉ ከተደረገ 30 ዓመት በኋላ። ንጎዪ ለዓመታት ስብሰባ እንዳትገባ፣ ንግግር እንዳታደርግ ታግዳ፣ ቤቷ ሆና ልብስ እየሰፋች ስትኖር በ1980 ሞተች። ሄለን ጆሴፍ በ1992 አርፋ አቫሎን መቃብር ከንጎዪ ጎን ተቀበረች። ራሂማ ሙሳ በ1993። ጥቁሩ ሕዝብ ድምፅ የሰጠው ኤፕሪል 1994 ነው። ሦስቱም አላዩትም። አንድ ዓመት፣ አንድ ዓመት ብቻ ቢጨመርላት እያልኩ ለራሂማ ከልቤ አዘንኩ።

የእኔ ወረቀትና የጎጎ እናት ወረቀት አንድ ነው አልልም። የኔን ድንበር አቋርጬ መጥቼ ለምኜ ያገኘሁት ነው፤ የእሳቸው በተወለዱበት ምድር የታሰረባቸው ገመድ ነው። ሎኬሽን፣ የጥቁሮቹ ሰፈር ውስጥ የነበረኝ ሱቅ "ሂጂ ወደ አገርሽ" ተብሎ ሲዘረፍ በዚህ ሕዝብ ቂም ይዤ ነበር። ለረጅም ጊዜ ያዝኩት። ሐሙስ ዕለት ጎጎ ወረቀቴን በጥንቃቄ መልሰው በላስቲኩ ሲጠቀልሉልኝ ግን ጣቶቻቸውን እያየሁ አለቀስኩ።

አሁን፣ ይህን ሳልጨርስ፣ ሀገር ቤት ደወልኩ። "የት ነሽ?" አለችኝ እማዬ። ራሂማ ሙሳ የሚባል መንገድ ነው የምሠራው አልኳት፤ ታሪኩን ሁሉ ነገርኳት። የአያቴን መጅ ጠየቅኳት። ወፍጮው ጓሮ ነው፣ ዶሮዎች ውሃ ይጠጡበታል፤ መጁ ግን ቤት ውስጥ አለ አለችኝ። ትንሽ ዝም አለችና፣

"ሕፃኗስ? አለቀሰች?"

ይህን ጎጎን አልጠየቅኳቸውም። ሐሙስ ይመጣሉ።