ጥቂት ውሃ የማንትልን መቅለጫ ሙቀት ስንት ያወርዳል? በኤክሴል ያሰላሁበት መንገድ

ማንትል ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ወፍራም የዐለት ንብርብር ነው። ለዚህ ስሌት የተጠቀምኩት ካትዝ፣ ስፒግልማንና ላንግሙር በ2003 ያወጡትን ቀመር ነው። ኤክሴል ይበቃዋል።

መነሻዬ ሶሊደስ ነው፤ ደረቅ ፔሪዶታይት (የማንትል ዋና ዐለት) መቅለጥ የሚጀምርበት ሙቀት። ግፊቱን በጊጋፓስካል ይዤ በ132.9 አባዛሁ፣ 1085.7 ደመርኩ፣ ከዚያ የግፊቱን ስኩዌር በ5.1 አባዝቼ ቀነስኩ። በ3 ጊጋፓስካል፣ ማለትም 100 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ገደማ ላይ፣ 1438.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይመጣል።

ውሃው ከዚህ ላይ የሚቀንሰውን ለማግኘት በቅልጡ ውስጥ ያለው ውሃ (በክብደት፣ በመቶኛ) 0.75 ፓወር ይደረግና በ43 ይባዛል። «በቅልጡ ውስጥ» የምትለዋ ቃል ናት ሰው የምታሳስተው። እኔም መጀመሪያ ያስገባሁት የዐለቱን ውሃ ነበር፤ ከሚሊዮን 200 እጅ፣ ማለትም 0.02 በመቶ። ውጤቱ 2 ዲግሪ ብቻ ሆነ፤ ከንቱ ነው። ውሃ ማዕድኑን ትቶ ወደ ቅልጡ ይሸሻል፤ ማዕድኑ ውስጥ አንድ እጅ ሲቀር ቅልጡ ውስጥ መቶ እጅ ይገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ የቅልጥ ጠብታ 2 በመቶ ውሃ ትይዛለች፣ መቅለጫውም 72 ዲግሪ ይወርዳል።

ቅልጡ ሲበዛ ግን ውሃው ይሳሳል። የዐለቱን ውሃ ለ(0.01 + 0.99 × የቀለጠው ክፍልፋይ) አካፍሉት። ዐለቱ 10 በመቶ ሲቀልጥ ቅልጡ ውስጥ 0.18 በመቶ ውሃ ብቻ ይቀራል፤ ቅናሹም ወደ 12 ዲግሪ ያሽቆለቁላል።

ያስቸገረኝ እዚህ ላይ ነው። የቀለጠው መጠን በውሃው ይወሰናል፣ ውሃው ደግሞ በቀለጠው መጠን። በ3 ጊጋፓስካልና በ1400 ዲግሪ ውጤቱን መልሼ መላልሼ ሳስገባ መልሱ ከ0 ወደ 5 በመቶ፣ ከ5 ወደ 0 እየዘለለ አልረጋ አለ። የቀለጠውን መጠን የሚሰጠው ቀመር ሙቀቱ ከወረደው ሶሊደስ ስንት እንደሚበልጥ በቅንፍ ይዞ 1.5 ፓወር ያደርገዋል፤ 5 በመቶ ላይ የቅንፉ ውስጥ ቁጥር ኔጌቲቭ ስለሚሆን ዜሮ ብዬ ካልያዝኩት ኤክሴል ስሕተት ያወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከ0 እስከ 1 ያለውን ክልል ለሁለት እየከፈሉ መልሱ ያለበትን ግማሽ ብቻ ማስቀረት። መልሱ አንድ ብቻ ስለሆነ መሳት የለም፤ 0.7 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል።

ዜሮ መሳትም አለ። 0.02 በሚለው ፈንታ 0.2 ከገባ የመጀመሪያው ቅልጥ 20 በመቶ ውሃ ይይዝና ቅናሹ ከ400 ዲግሪ ያልፋል። ቀመሩ ቅልጡ ሊይዝ የሚችለውን የውሃ ጣሪያ ስላስቀመጠ (12 × ግፊት 0.6 ፓወር፣ ሲደመር ግፊት) በ1 ጊጋፓስካል 13 በመቶ ላይ ያስቆመዋል። በ3 ጊጋፓስካል ግን ጣሪያው 26 ስለሆነ ስሕተቱ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ጣሪያው አያድናችሁም። የሶሊደሱም ቀመር ከ13 ጊጋፓስካል በላይ መልሶ ይወርዳል፤ ያ የፓራቦላው ጠባይ እንጂ የዐለቱ አይደለም።

72ቱ ዲግሪ በጥልቀት ሲመነዘር ምን ያህል ነው? ወደ ላይ የሚወጣው ማንትል ምድር ገጽ ላይ 1350 ዲግሪ እንዲሆን፣ በየጊጋፓስካሉም 15 ዲግሪ እንዲጨምር አደረግሁ። ደረቁ 2.5 ጊጋፓስካል ላይ መቅለጥ ይጀምራል፤ ውሃ ያለበት 3.3 ላይ፣ ማለትም 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠለቅ ብሎ። እዚያ የሚገኘው ቅልጥ ግን ከዐለቱ አንድ በመቶ እንኳ ለመሙላት ይቸገራል።