ድምፅ የሌለው ከበሮ

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ የማስታወቂያ ሥራ ፋታ አይሰጥም። እኛም ፒያሳ ባለው ቤታችን ለአንድ የባህል ልብስ ሱቅ ጂፍ (እየተደጋገመ የሚታይ አጭር ተንቀሳቃሽ ምስል) እየሠራን ነበር። እጅ ይነሣል፣ ከበሮ ላይ ያርፋል፣ በቃ። እጁ ባረፈ ቁጥር ግን ሙሉ ምስሉ ወደ ታች ነቅነቅ እንዲል አድርጌዋለሁ።

ባለሱቁ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብለው አዩት።

«ምቱን ትንሽ ቀንሱልኝ ልጆቼ፣ ጆሮዬን አደነቆረው» አሉ።

«ጋሼ፣ ድምፅ እኮ የለውም» አለ አለቃችን።

«እንዴት የለውም? ዱም ዱም እያለ!»

አለቃችን የስፒከሩን ገመድ ነቅሎ አንጠልጥሎ አሳያቸው። ቤቱ በሳቅ አውካካ። ጋሼ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝም አሉ። ያ ዝምታቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ለእኔም ይሰማኛል» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ይሰማኛል።

«እንግዲያው ሁለታችሁንም ጸበል መውሰድ ነው» አለ አለቃችን።

ጸበል የሚያስኬድ ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ገመድ ሲዘሉ የሚያሳይ ጂፍ በትዊተር ተሠራጭቶ ነበር። ዘላዩ ምሰሶ መሬት ሲነካ «ድም» ሲል ሰማን ያለው ሰው ብዙ ነው። ጂፍ ደግሞ ድምፅ የሚይዝበት ቦታ እንኳ የለውም። የለንደን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት ከ4,000 በላይ ሰው ጠይቀዋል። ከአምስቱ አንዱ ገደማ ድምፅ አልባ ተንቀሳቃሽ ምስል ሲያይ ድምፅ ይሰማዋል። ለዓይን የሚሠራው የአንጎል ክፍል ለጆሮ የሚሠራውን ይቀሰቅሰዋል ብለው ያስባሉ። በተለይ የምስሉ መንቀጥቀጥ ሳይረዳ አይቀርም። ከባድ ነገር ወድቆ መሬት ሲያንቀጠቅጥ ያለ ድምፅ አይተን አናውቅማ።

ስለዚህ ንቅናቄውን ብቻ አጠፋሁት። እጁ እንደ ቀድሞው ይመታል።

«አሁንስ ጋሼ?»

ጠጋ ብለው አዩ። «አሁን ዝም አለ።»

ግማሹን መለስኩት።

«እንዲህ ይሁን» አሉ። «አሁን ከጥምቀተ ባሕሩ ማዶ የሚመጣ ይመስላል።»

በዚያው ተረከቡት። አለቃችን ዛሬ ለደንበኛ ሲያስረዳ «ስፒከር ሳይኖር የሚሰማ ሥራ አለን» ይላል። ጋሼን ግን ይቅርታ አልጠየቃቸውም።