መብራት ከያዝኩበት ጥግ

ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጓደኛዬ መድረክ በሚወጣበት ቅዳሜ ማታ ደግሞ መብራት እይዛለሁ። መብራት ስል ነገሩ እንዳይገዝፍባችሁ። ሁለት ፓውዛ፣ አንድ ዲመር (መብራቱን ከፍ ዝቅ የምናደርግበት) እና አንድ ረጅም ኤክስቴንሽን ነው። ቦታው ሳሪስ፣ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ያለ አዳራሽ ነው። አዳራሽ የምለውም ለክብሩ ነው። በሌላው ቀን ለልደትና ለምርቃት ይከራያል፤ አንዳንዴ የሰው ልደት ፊኛ ከግድግዳው ላይ እያወረድን ነው የምንጀምረው። ወንበሩ ፕላስቲክ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ የማኪያቶ ማሽን አለ።

ጓደኛዬ መምህር ነው። ስሜን እንዳትጽፍ ብሎኛል። ተማሪዎቼ ካወቁ ክፍል ውስጥ ማን ይሰማኛል ባይ ነው። የሚሠራው የአንድ ሰው ቲያትር ነው፣ ኮሜዲ። ከአንድ ሰዓት በላይ ብቻውን ይቆማል። ስታንድ አፕ እንዳይመስላችሁ። ስታንድ አፕ የሚሠራ ሰው ራሱን ሆኖ ይወጣል፤ አንዱ ቀልድ አልሠራ ካለው ወደ ሌላው ይዘላል። የኔ ጓደኛ የሚዘልበት የለውም። ታሪክ አለው። ታሪኩ ውስጥ የሆነ ነገር አጥብቀው የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ሁሉንም የሚሆናቸው እሱ ነው።

ታሪኩ የአንድ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ስብሰባ ነው። የውሃ ፓምፕ ለመግዛት ከየቤቱ ገንዘብ ተዋጥቷል። ፓምፑ የለም። ገንዘቡም የለም። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ናቸው። "ወደ አጀንዳው ከመግባታችን በፊት" ብለው ይጀምራሉ፤ እስከ መጨረሻው አጀንዳው ውስጥ አይገቡም። ምድር ላይ የሚኖሩት እማማ የመጡት ለፓምፑ ብለው አይደለም፤ ስብሰባው መስኮታቸው ሥር ስለሆነ ነው። አራተኛ ፎቅ ያለው ወጣት ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ ስለተንገፈገፈ ከሁሉም በላይ ይጮሃል። ገንዘብ ያዧ ሲጠየቁ ያለቅሳሉ፤ አልቅሰው ሲጨርሱ ጥያቄው ተረስቷል። ጥበቃው ደግሞ ምንም ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ "እኔ በር ላይ ነበርኩ።"

ይህቺን መልስ መጀመሪያ ሲላት ማንም አይስቅም። ደጋግሞ ሲላት አንድ ሁለት ሰው ፈገግ ይላል። በኋላ ኮሎኔሉ ቆም ይሉና "የትኛው በር?" ይላሉ። ለካ ግቢው በር የለውም። የበሩም ገንዘብ ተዋጥቶ ነበር። እዚህ ጋ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ቀልዱን ስላወጣሁበት ጓደኛዬ ይቆጣኛል፣ ግን አውቀውት እየመጡ የሚስቁ ደንበኞች አሉን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ይህንን ቀልድ አይጠግበውም።

ብዙ ሰው ዋናው ነገር ድምፅ መቀያየር ይመስለዋል። ድምፅ ትንሹ ነው። ድምፁን ብቻ የሚቀያይር ተዋናይ ሬዲዮ ነው፤ ዓይን ጨፍኖ መስማት ይቻላል። ዋናው ያለው ዓይን ላይ ነው። ኮሎኔሉን ሲሆን አገጩ ከፍ ይልና ከሰው ራስ በላይ ያያል። እማማን ሲሆን ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በርጩማው ላይ ቁጭ ይላል፣ ከታች ወደ ላይ ቀና ብሎ ያያል። ኮሎኔሉ ዝቅ ብለው የሚያዩበት ቦታና እማማ ቀና ብለው የሚያዩበት ቦታ ካልተገጣጠመ፣ ተመልካቹ ሁለት ሰው አይታየውም። አንድ ሰው ሲወዛወዝ ነው የሚታየው። ስለዚህ ልምምድ ላይ ግድግዳው ላይ ፕላስተር እንለጥፋለን፤ እዚህ የኮሎኔሉ ዓይን፣ እዚያ የእማማ፣ ላይ ጥጉ ጋ አራተኛ ፎቅ። ዕቃችን ያቺ ነጠላና ያቺ በርጩማ ብቻ ናት። አንዴ የእውነት ጀሪካን አምጥተን ሞክረን ነበር። ሰዉ ጀሪካኑን ሲያይ ሰውየውን ማየት ተወ። መለስነው።

ሌላው ሥራ ሳቅን መጠበቅ ነው። ሳቅ እየተነሳ እያለ ከተናገረ ቃሉ ይዋጣል። ሳቁ ጨርሶ እስኪሞት ከጠበቀ ደግሞ ቤቱ ይቀዘቅዛል። መግባት ያለበት ሳቁ መውረድ ሲጀምር ነው። ያቺን ቦታ በልምምድ ማግኘት አይቻልም፣ ልምምድ ላይ የሚስቅ የለማ። እኔ አለሁ፤ እኔ ግን ድርሰቱን በቃሌ ስለያዝኩት እንኳን ልስቅ አዛጋለሁ። የአንድ ሰው ቲያትር ይባል እንጂ ሁለተኛው ተዋናይ በየሳምንቱ ከመንገድ ነው የሚመጣው፣ ቲኬት ቆርጦ።

አሁን ወደ ማኪያቶ ማሽኑ። አንድ ማታ ኮሎኔሉ "ተቃውሞ ያለው?" ብለው ቤቱን በዓይናቸው ቃኙ። ጸጥ። በዚህ መሀል ከመጋረጃው ጀርባ ማሽኑ "ጭሽሽሽ" አለ። እኔ ደነገጥኩ። እሱ ፊቱ ንቅንቅ ሳይል ወደ መጋረጃው ዞረና በኮሎኔሉ ድምፅ፣ "ተቃውሞ ያለው አካል እጁን አውጥቶ ይናገር" አለ። ባሪስታዋ ሳትቀር ሳቀች፤ ከጀርባ ሲሰማ ደግሞ ይብሳል።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚያች ቦታ ላይ ማሽኑን እንድትለቅልን ለመንናት። እሺ አለች፣ ለቀቀች። እሱም ያንኑ ዓረፍተ ነገር አለ። አንድም ሰው አልሳቀም። ድምፁ ያው፣ ቃሉ ያው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ጭሽታው ሲመጣ ዓይኑ አልደነገጠም። ሰው ይህንን ከየት እንደሚያውቅ አይገባኝም፣ ግን ያውቃል። በትንሽ ቤት ውስጥ ደግሞ ተመልካቹ ከዓይኑ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ ማታለል የለም።

አንዲት እናት ደግሞ ከፊተኛው ረድፍ ብድግ ብለው፣ "ኮሎኔል፣ ገንዘቡን ማን በላው? እሱን ይንገሩንና እንሂድ፣ ታክሲ ያልቅብናል!" አሉ። ጓደኛዬ መዳፉን እንደ መዝገብ ዘረጋና መጻፍ ጀመረ። "አስተያየቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን። ስምና የቤት ቁጥር?" ሴትዮዋ የእውነት የቤት ቁጥራቸውን ነገሩት። ከነብሎኩ።

ይሄ መቀባበል እኛ የፈጠርነው አይደለም። አዝማሪ ምንድን ነው? አንድ ሰውና አንድ ማሲንቆ። ታዳሚው "ተቀበል!" እያለ ስንኝ ያቀብለዋል፣ እሱ አጣፍጦ ይመልሰዋል፤ የሸለመውን ያወድሳል፣ ኪሱን የቆለፈውን በሰም ለበስ ይወጋል። ተወጊው ራሱ እየሳቀ ነው ኪሱ የሚገባው። ጠባብ ቤት ካልሆነ ይህ አይሠራም። አዝማሪው ሰውየው የለበሰውን ኮት ማየት አለበት።

አጎቴ ግን ይህ ሁሉ አይዋጥለትም። "ቲያትር ማለት ብሔራዊ ነው፤ ካፌ ውስጥ የሚሠራው ጨዋታ ነው" ይለኛል። አጎቴን እወደዋለሁ፣ ብሔራዊንም እወዳለሁ። ነገር ግን በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቲያትር የሚባለው ራሱ ሆቴል ውስጥ የታየ ኮሜዲ ነው። በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በአውሬዎች ተረት አድርገው የጻፉት "ፋቡላ"። ሀገር ፍቅር በ1927 ሲቋቋም፣ ብሔራዊ በ1948 ሲመረቅ፣ ኮሜዲው ቀድሟቸው ነበር። ቀድሞም ተከልክሎ ነበር፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተረቱ ቤተ መንግሥቱን ስላላስደሰተ ታገደ። አውሬ ነው የተናገረው ብሎ ማምለጥ አልተቻለም።

ነገርን በሌላ ነገር ሸፍኖ መናገር ከኔ ጥግ በደንብ ይታየኛል። መብራቱን የምይዘው ከኋላ ስለሆነ የሰው ፊት አላይም፤ ማጅራት ነው የማየው። ኮሎኔሉ አንድ ቦታ ላይ፣ "ኮሚቴው ራሱን ገምግሞ ንጹሕ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አረጋግጧል" ይላሉ። እዚህች ላይ ሳቁ ወዲያው አይመጣም። መጀመሪያ አንገቶች ግራ ቀኝ ይላሉ። ማን አለ? ማን አጠገቤ ተቀምጧል? ከዚያ አንዱ ደፋር ይጀምርና ሌላው ይከተላል። ያቺን የአንገት ዙር ከሳቁ በላይ እወዳታለሁ፤ ስለ ውሃ ፓምፕ ብቻ እንዳልተወራ ሁሉም እንደገባው የምታሳየኝ እሷ ናት።

አሁን አሁን የአንድ ሰው ቲያትር ሲባል የብዙው ሰው ልብ ቶሎ የሚሄደው በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ወደተጫወተው "እያዩ ፈንገስ" ነው። እያዩ እብድ ነው፤ ፌስታሉን ይዞ ባሕር ማዶ ድረስ ዞሯል፤ ይገባዋልም። ችግሩ ተከታዮቹ ላይ ነው። ብቻውን መድረክ የሚወጣ ሁሉ እብድ ልሁን ይላል። የኔም ጓደኛ መጀመሪያ ያሰበው ይህንኑ ነበር። ተው አልኩት። እብድ ያሻውን መናገር ይችላል፣ ማንም አይጠይቀውም። ኮሎኔሉ ግን ምንም መናገር አይችሉም። የሚያውቁትን ነገር አፋቸው ውስጥ ይዘው ሲዞሩ ማየት ነው የሚያስቀው።

የሚያውቁት ነገር አለ እኮ። መጨረሻ ላይ ይወጣል። ገንዘብ ያዧ የፓምፑን ገንዘብ አልበሉትም፤ ለአራተኛ ፎቁ ወጣት እናት ሕክምና ነው ያበደሩት። ልጁ እንዳይሰማ እናትየዋ አስምለዋል። ብሎኩ በሙሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ብቻ ነው። ያኔ ነው ኮሎኔሉ ለምን አጀንዳው ውስጥ ሳይገቡ እንደቆዩ የሚገባን። ያ ሁሉ የሳቅንበት "ወደ አጀንዳው ከመግባታችን በፊት" ልጁን መሸፈኛ ነበር። የተዋቀረው እንዲህ ነው፤ ቀልዱ መጀመሪያ ያስቅሃል፣ በኋላ ስለሳቅክበት ታፍራለህ። ጓደኛዬ እዚህ ቦታ ላይ መብራቱን እንዳልቀንስ አጥብቆ ከልክሎኛል። እኔ ብቀንሰው ሰዉ ያለቅሳል። እሱ ደግሞ "ይታዩ፣ ተደብቀው አያልቅሱ" ይላል። በዚህ እስካሁን አልተስማማንም፤ ድርሰቱ የሱ ስለሆነ ዲመሩን አልነካም።

ሐዘንን በብቸኛ ኮሜዲ ማውጣት ይቻላል ወይ ለሚለኝ ሰው ሁልጊዜ የማነሳው እስራኤል ያለውን ዮሲ ቫሳን ነው። ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር በእግሩ ሱዳን ገብቶ፣ እዚያ የቤተሰብ ሰው ቀብሮ እስራኤል የደረሰ ሰው ነው። ያንን ጉዞ ነው ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ ሰው የሚያስቅበት። "ነቭሱ" የሚባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ፈጣሪዎችም አንዱ እሱ ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት በኮሜዲ ዘርፍ ወስዷል። እዚያ የደረሰው ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ ነው።

የኛስ? አንድ ትልቅ አዳራሽ ጠርቶን ሄደን ነበር። ጓደኛዬ ሱፍ ለብሶ መጣ። ደረቱ ላይ ማይክ ሰኩለት። መብራቱን የያዘው የአዳራሹ ባለሙያ ነበር፤ እኔ እንደ እንግዳ ተቀመጥኩ። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ አልዋሽም። ግን መብራቱ ዓይኑ ላይ ስለበራ ተመልካች አልታየውም። ሰዉ ተበታትኖ ተቀምጧል፣ በየመሀሉ ባዶ ወንበር። ባዶ ወንበር ሳቅ ይበላል። ከፊት የተነሳው ሳቅ ኋላ ሳይደርስ ያልቃል፣ ኋላ የተነሳውም እሱ ቀጣዩን ከተናገረ በኋላ ይደርሳል። "እኔ በር ላይ ነበርኩ" ባለ ቁጥር ማይኩ ቃሉን አግዝፎ መለሰው፤ ጥበቃው ሚኒስትር መሰለ። ሲወጡ ሰዎች ጨብጠውት "ጥሩ ነበር" አሉት። ለኮሜዲ "ጥሩ ነበር" ስድብ ነው። ታክሲ ውስጥ ሳንነጋገር ተመለስን፤ ቄራ ስንደርስ ብቻ "ማይኩን ነው" አለ። ማይኩ ብቻ አልነበረም።

ገንዘቡን ለሚጠይቁኝ፤ የመግቢያው ግማሽ ለካፌው ነው፣ ከቀረው ላይ የፓውዛ አምፖልና የባሪስታዋ ጉርሻ ይወጣል፣ የተረፈው የጓደኛዬ ነው። እኔ የሚደርሰኝ ማኪያቶ ነው። በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ድርጅቱ ከስሯል።

ጓደኛዬ አሁን ሌላ ገጸ ባሕርይ ልጨምር ይላል፤ ስብሰባው ላይ በስልክ ከዱባይ የምትገባ የቤት ባለቤት። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ድምፅዋም እየተቆራረጠ የምትከራከር። ሐሳቡ ያስቃል፣ ግን ዓይኗን የት እናስቀምጠው? ፕላስተሩን እዚህ እዚያ ለጥፌ ሞከርኩ፣ አልሆነም። እሱ ኪሱ ውስጥ ትሁን ይላል። ይሞከራል።

ለማየት ከመጣችሁ ቀደም ብላችሁ ግቡና ከፊት ተቀመጡ። ተጠጋጉ። የኋላውን ረድፍ ማንም እንዳይዘው በገመድ አስሬዋለሁ፤ ገመዱን ፈትቶ የሚቀመጥ ሰው ቢመጣ ኮሎኔሉ ስሙንና የቤት ቁጥሩን ይጠይቁታል።