የፈንዲሻው ነገር

በመጫወቻ ሜዳችን ሰው ሽቅብ ቁልቁል የምታዞረዋን ዊል ያን ሌሊት ያቆማት ፈንዲሻው ነው። ዛሬም ብትጠይቁኝ ፈንዲሻው ነው እላለሁ። አለቃዬ ደግሞ «አጫጫንህ ነው» ይላል። ዓመት አልፎ እንኳ በተገናኘን ቁጥር ሳንስማማ ነው የምንለያየው። እስቲ እንደነበረ ልንገራችሁ።

የከተራ ሌሊት ነበር፤ ጥር 10 ለ11 አጥቢያ። ከቀሃ ወዲህ ባለች ሜዳ ላይ ዊሏን፣ የሕፃናት መዝለያውንና የሚዞሩትን ፈረሶች ተክለን ለበዓሉ ሳምንት ሌሊቱንም ጭምር እንሠራ ነበር። የጎንደርን ጥምቀት ለሚያውቅ ምንም አልነግረውም። ታቦታቱ ከሰዓት በኋላ ወርደው ፋሲል መዋኛ ገብተዋል፣ ካህናቱ እዚያው ያድራሉ፣ ከተማው አይተኛም። አልጋ ያገኘ ያገኛል፤ ያላገኘው ሌሊቱን የሚገፋበት ነገር ይፈልጋል። አለቃዬ የሚኖረው በዚህኛው ነው። «አልጋ ያጣ ሁሉ የኔ ደንበኛ ነው» ይላል፣ እጁን እያፋተገ።

ዊሏ 12 ቅርጫት አላት፤ አንዱ ቅርጫት ሁለት ሰው ይይዛል። ጫፏ ከሦስተኛ ፎቅ አይተናነስም። አለቃዬ ለደንበኛ ሁሉ የሚደግመው ነገር አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ላይ የቆመችው የመጀመሪያዋ ፌሪስ ዊል 36 ክፍል ነበራት፣ በአንዱ ክፍል እስከ 60 ሰው ትይዝ ነበር። «የእኛዋ ልጇ ናት» ብሎ ይጨርሳል። ልጇስ ልጇ ናት፤ ግን ቀላል ናት፣ በአይሱዙ ተጭና ነው የመጣችው። ቀላል ስለሆነች ደግሞ የሰው ክብደት ይጫወትባታል። ስለዚህ አንድ ቅርጫት ከጫንክ ግማሽ ታዞርና ማዶውን ትጭናለህ፤ እንዲህ እያልክ ነው የምትሞላት። በአንድ ወገን ከከመርክባት ሞተሩ ያን ወገን ሽቅብ ሲያነሳ ያቃስታል።

ሞተሩን የምታበላው አንዲት ጀነሬተር ነበረች። መጀመሪያ ዊሏን ብቻ ነበር የያዘችው። ቀጥሎ የመብራት ገመዱ መጣ። ቀጥሎ ስፒከሩ። ከከተራ ሁለት ቀን በፊት ደግሞ የአለቃዬ የዘመድ ልጅ የፈንዲሻ ማሽን ይዞ መጣና «እዚያች ላይ ሰካ» ተባለ። ያቺን ብረት ድስት ለማጋል የሚሄደው ኃይል ስፒከሩን ያስንቃል። ይበዛባታል ብዬ ነበር። «ፈንዲሻ ምን ክብደት አለው?» አለኝ አለቃዬ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሰዉ ሳሳ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አለቃዬ አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ዊሏ ላይ ለመሳፈር የቀረቡት አንድ ወጣትና አንዲት የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ብቻ ናቸው። እነሱን አንዱ ቅርጫት ላይ አስቀምጬ ሌላ ሰው ስጠብቅ ስምንቱ መጡ።

ስምንቱ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ በአንድ ዓመት የወጡ ጓደኛሞች ናቸው፤ በየዓመቱ ለጥምቀት ከያሉበት ይሰባሰባሉ። እርግጥ አንዷ ከግቢው አይደለችም፣ የአንደኛው የአክስት ልጅ ናት፣ ካሊፎርኒያ ያደገች። ትኬት እየቆረጥኩ ሳለ እሷ ታወራለች፦ ዲዝኒላንድ ከ1961 ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች ሌሊቱን ሙሉ በሩን የሚከፍትበት ዝግጅት ነበረው፣ እሷም ስትመረቅ ከጓደኞቿ ጋር እስኪነጋ ሲዞሩ አደሩ። «ልክ እንዲህ ነበር» አለች ሜዳችንን እያየች። ሜዳችንን አየሁት። መዝለያው ግማሽ ተንፍሷል። ቢሆንም ደስ አለኝ።

«ሁለት ሁለት ሆናችሁ፤ ሁለታችሁ እዚህ፣ ሁለታችሁ ማዶ» አልኩ።

«ወንድሜ፣ እኛ አንለያይም» አለ ቀይ ጃኬት የለበሰው።

«አትለያዩም፤ አንድ ዊል ላይ ናችሁ እኮ።»

«ማዶ ከሆነማ መለያየት ነው። ፎቶ አለን።»

አስረዳሁ። ሞተር፣ ሚዛን፣ ጀነሬተር አልኩ። ቀይ ጃኬቱ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ኢንጂነር፣ አንተ ካልቻልክ ማን ይችላል?» አለኝ።

እዚህ ላይ ሐቁን እናገራለሁ። በሕይወቴ ኢንጂነር ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። አሥረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ብሎን እየፈታሁ፣ ኩሽኔታ እየቀየርኩ ነው። አራት ቅርጫት ጎን ለጎን ጫንኩ። ማዶ ካሉት ጥንዶች ጋር እንደማይመጣጠን እያወቅሁ።

ዘበኛችን ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዱላቸው ጋር በርሜል ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ማታውን ሙሉ «ታቦት ውጭ አድሮ እናንተ ትሽከረከራላችሁ» ሲሉን ያመሹ ሰውዬ ናቸው። አሁን ግን ሌላ አሉ፦

«ልጄ፣ አህያ እንኳ ስትጫን ግራና ቀኝ ተመዝኖ ነው።»

«አባባ፣ ይቺ አህያ አይደለችም።»

«አይደለችም። አህያስ እምቢ ትላለች።»

ማብሪያውን ተጫንኩ። ስምንቱ ሽቅብ መነሳት ጀመሩ፤ እልልታ፣ ጭብጨባ። ጎን ላይ ሲደርሱ፣ ማለትም ክብደታቸው በጣም በሚሰማበት ቦታ፣ ሞተሩ ቃሰተ። እኔ ዓይኔን ዊሏ ላይ ተክዬ፣ ጆሮዬ ግን ሌላ ነገር ሰማ፦ ከኋላዬ የፈንዲሻው ድስት ጠሽ ሲል። ልጁ አዲስ በቆሎ ጨምሮ ማሽኑን ማብራቱ ነበር። ጀነሬተሯ ሁለት ጊዜ ተንገዳገደችና ጸጥ አለች።

ሁሉም ጠፋ። መብራቱ፣ ስፒከሩ፣ ሁሉም። ብሬኳ መብራት ሲቋረጥ በራሷ ትይዛለች፤ እሱ ይሠራል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስምንቱ በአንድ ጎን ግማሽ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ ጥንዶቹ በሌላው ጎን ግማሽ ላይ። ከዚያ ጸጥታ ውስጥ ከወደ ፋሲል የካህናቱ ዜማ መጣ፣ ከበሮው ረጋ ብሎ ከሥር። ለካ ምሽቱን ሙሉ ስፒከራችን ሸፍኖት ነበር። ከላይ ማንም አልጮኸም። አንዷ «ስሙ፣ ስሙ» አለች። ሁሉም ዝም ብለው ሰሙ።

እኔ አልሰማሁም። የጀነሬተሯን ገመድ እየሳብኩ ነበር። ሃያ ጊዜ ያህል ሳብኩ። ካንዴላዋን ፈትቼ በሸሚዜ ጠርጌ መለስኩ፤ እንደገና ሳብኩ። ቤንዚን ጠጥታ ታንቃለች። በዚያ ብርድ ላብ ጀርባዬን ይወርዳል። ዘበኛው ባትሪያቸውን አብርተው አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ አህያዋ እኮ ወድቃለች። ተነሺ እያልክ አትጎትታት፤ ጭነቱን አውርድላት።»

ልክ ናቸው። መብራት ባይኖርም ክብደት አለ። ብሬኩን በእጅ ማላላት ይቻላል፤ የብሬኩ ማንሻ በዚህ ምክንያት ነው የተሠራው። ብሬኩ ሲላላ ከባዱ ወገን ቀስ ብሎ ወደ ታች ይመጣል። ችግሩ ያው ነው፦ ስምንቱ ሲወርዱ ሁለቱ ይወጣሉ። ከማዶው ሥር ሄጄ ቆምኩ።

«ወንድሜ፣ ስማኝ። ብሬኩን ሳላላው እነሱ ይወርዳሉ፣ እናንተ ትወጣላችሁ።»

«የት ነው የምንወጣው?»

«ወደ ላይ። ጫፍ ድረስ።»

«እኛ እኮ መውረድ ነው የፈለግነው።»

«ለመውረድ መጀመሪያ መውጣት አለባችሁ።»

ትንሽ ዝም አለ። «ለምን እኛ?»

«እናንተ ሁለት ናችሁ። እነሱ ስምንት።»

ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም፤ እስካሁንም የለኝም። ልጁ ሊቆጣ ነበር። ልጅቷ ግን ነጠላዋን አጠበቀችና «ሁልጊዜም እንዲሁ ነው» ብላ ሳቀች። «አውጣና አውርደን።»

ማንሻውን ይዤ በጥቂት በጥቂቱ አላላሁት። እየያዝኩ፣ እየለቀቅሁ፣ እየያዝኩ። ብረቱ በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ስምንቱ ወደ መሬት መጡ፤ ጥንዶቹ ጨለማው ውስጥ ወጡ። አሁን ማውረድ ነው ብዬ የመጀመሪያውን ቅርጫት መዝጊያ ስከፍት ቀይ ጃኬቱ፣ «ኢንጂነር፣ አትቸኩል፤ ለምን ነው የምታወርደን?» አይለኝም! ከፎቶው በላይ ወዶታል ለካ። አንደኛው ቅርጫት ወርዶ ሌላኛውን በእጃችን ስበን ስናስጠጋ፣ ወርደው የቆሙት ራሳቸው ክቡን ይዘው አገዙኝ። ሚዛኑ በአንዴ እንዳይገለበጥ የመጨረሻው ቅርጫት እስኪደርስ ትንሽ መቀመጥ ያለበት ሰው ነበር፤ እኔ እቀራለሁ፣ እኔ እቀራለሁ ተባብለው ተጣሉበት። የካሊፎርኒያዋ አሸነፈች።

እሷም ስትወርድ ዊሏ ላይ የቀሩት ጫፍ ላይ ያሉት ጥንዶች ብቻ ሆኑ። ስለዚህ አሁን ከባዱ ወገን እነሱ ናቸው። ክቡን በትከሻዬ ትንሽ ገፋ አደረግሁትና ብሬኩን እየያዝኩ አወረድኳቸው። ልጅቷ ስትወርድ «ከላይ የፋሲል መብራት ይታያል» አለች። ልጁ ምንም አላለም፤ እጇን አልለቀቀም። ከጀነሬተሯ መጥፋት እስከዚያ ድረስ 35 ደቂቃ ሄዷል።

አለቃዬ የነቃው ይሄኔ ነው። ፀጉሩ በአንድ ወገን ተኝቶ መጣ። «ምን ሆነ?» አለ። ነገርኩት። ያስብ ጀመር። ሰው ተጎዳ ወይ ይላል ብዬ ስጠብቅ፦

«ስንት ደቂቃ ቆዩ?»

«35።»

«አንዱ ትኬት 5 ደቂቃ ነው አይደል?»

ስምንቱ ተያዩ። በጭንቅላቱ ሲያባዛ ይታያል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሰባት ትኬት በሰው። ቀይ ጃኬቱ ሊናገር ሲል የካሊፎርኒያዋ ቀደመችው፣ በጣም በትሕትና፦

«ጋሼ፣ ዲዝኒላንድም ፓርኪንግ ያስከፍላል። ግን ለመኪና ነው።»

ዘበኛው እንኳ ሳቁ። አለቃዬ ገንዘባቸውን መለሰላቸው፤ ለጥንዶቹ ግን «እናንተ እኮ ወጥታችሁ ወርዳችኋል» ብሎ ከለከለ። ከኪሴ ሰጠኋቸው። በማግስቱ አለቃዬ ለሰው ሲያወራ የሰማሁት ደግሞ «ብሬኩን ላላ አድርጌ አንድ በአንድ አወረድኳቸው» የሚል ነው። ጀነሬተሯን ያሠራበትን ግን ከደመወዜ ቆረጠ፤ «አጫጫንህ ነው» ብሎ።

አሁን የማስረጃዬ ነገር። በጥር 11 ማታ፣ የሚካኤል ታቦት በማግስቱ ሊመለስ ገና ፋሲል ባለበት ሌሊት፣ አለቃዬ ወደዚያው ወርዶ ሳለ ስምንቱ እንደገና መጡ። «ኢንጂነር!» ሲሉ ከሩቅ ነው የሰማኋቸው። ወደ ፈንዲሻው ልጅ ዞርኩ።

«ንቀል» አልኩት።

«አሁን እኮ ነው በቆሎ የጨመርኩት።»

«ንቀል።»

ነቀለ። ስምንቱንም ጎን ለጎን ጫንኳቸው፣ አራቱን ቅርጫት፣ ማዶው ባዶ። ዘበኛው ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት። ማብሪያውን ተጫንኩ። ሞተሩ አቃሰተ፣ ጎን ላይ ሲደርሱ ጀነሬተሯ ድምፅዋን ወፈር አደረገች፣ አለፈች። አምስት ዙር ዞሩ፤ አንድም ጊዜ አልተንገዳገደችም።

ለአለቃዬ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። እንዴት ብዬ?